ሁለቴ ያፏጨው መቶ አለቃ

ፌብሩዋሪ 24፣ ሰኞ

ዛሬ ሁዳዴ ገባ። ይህን ደብተር የገዛሁት ለልብ ወለዴ ረቂቅ ነበር። ረቂቁን ስልኬ ላይ መጻፍ ስለለመድኩ ባዶውን ከረመ። እንግዲህ ለሰው የማልነግረውን ልጻፍበት። ለሰው የማልነግረው ደግሞ ሁለት ነገር ነው።

አንደኛው፦ ቴሌግራም ላይ በየቅዳሜው የሚወጣውን «ዘጠነኛው ምሽግ» የሚጽፈው «ሻምበል ኤልቃና» እኔ ነኝ። እኔ ተናኘወርቅ፣ ብሩክሄቨን አንዲት ኮሪያዊት ልብስ ማስተካከያ ቤት ዚፕ ስቀይር የምውለው ሴትዮ። ጠመንጃ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ሁለት ሺህ ምናምን አንባቢ «ሻምበል፣ ሻምበል» ይለኛል። ባሌ ፊልጶስ እንኳ አያውቅም።

ሁለተኛው፦ የእማማ ሸዋነሽ ልጅ አክሊሉ ሞቷል።

እማማ ሸዋነሽ እዚሁ ዶራቪል፣ እኛ ሕንፃ ግራውንድ ላይ፣ ከልጃቸው ከትዕግስት ጋር ነው የሚኖሩት። አክሊሉ አገር ቤት መቶ አለቃ ነበር፤ ሥራው ከሬዲዮ ጋር ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ድምፁ ጠፋ። ባለፈው ወር አብሮት የነበረ ልጅ ለትዕግስት ደውሎ መሞቱን ነገራት። እሷ ደግሞ ለንስሐ አባታቸው፣ ለእኔና ለፊልጶስ ነገረችን። መርዶው ግን ይቆይ ተባለ። እማማ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ማርች መጨረሻ ላይ ኦፕራሲዮን ይደረጋሉ። «ካለቀሰች ዓይኗ ይጠፋል» አለች ትዕግስት። ስለዚህ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ አጎቷ ከሲያትል ሲመጡ፣ ሁላችንም ከሥራ ኦፍ ወስደን፣ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበን ይነገራቸዋል። እስከዚያ ስናያቸው እየሳቅን ነው።

ማርች 1፣ ቅዳሜ

ምዕራፍ አሥራ አንድን ፖስት አደረግኩ። መቶ አለቃ ናሆም ከምሽጉ ሆኖ ሶስናን በሬዲዮ ያገኛታል። ሶስና የጦር ሆስፒታል ነርስ ናት። ከመካከላቸው ለጠላት መረጃ የሚያቀብል ሰው ስላለ ናሆም ስሙን መጥራት አይችልም። ስለዚህ ከመናገሩ በፊት ሁለቴ ያፏጫል። በፉጨቱ ታውቀዋለች።

አስተያየቱ ገና አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ወረደ።

«ሻምበል፣ ፀጉሬ ቆመ!!!»

«ይሄን የኖረበት ሰው ነው የጻፈው። ደራሲው ግንባር እንደነበረ ያስታውቃል።»

«ጡረተኛው» የሚባለው ደግሞ፦ «መቶ አለቃ ሬዲዮ ራሱ አይሸከምም፤ የሚሸከምለት አለው። ሌላው ደህና ነው።» ይሄ ሰውዬ ዕረፍት አልሰጠኝም። ባለፈው ሳምንት የጫማ ማሰሪያ አረመኝ።

ሄርሜላ፦ «መቼ ነው የሚሳሳሙት? አሥራ አንድ ምዕራፍ እኮ ነው! አረ በናትዎ!»

ሦስት መቶ አርባ ሁለት ልብ። ልቆጥር ብዬ አይደለም፤ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው።

ፉጨቱን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ደራሲ ላይ እንዲያው ይመጣል።

ማርች 4፣ ማክሰኞ

ፊልጶስ ከኤርፖርት ሥራው መጣ። መኪና ውስጥ ሕሩይን ሲሰማ ነው የሚውለው። ሕሩይ የረጅም ጉዞ ትራክ ነጂ ነው፤ ትራኩን ፓርክ ባደረገበት ሁሉ ምዕራፎቼን ጮክ ብሎ እያነበበ በድምፅ ይልካል። ማንም አልለመነውም። ናሆም ሲናገር ድምፁን ያወፍራል፣ ሶስና ስትናገር ያቀጥናል። አሁን ከሚያነበው የሚሰማው ሳይበልጥ አይቀርም።

እራት ላይ ፊልጶስ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ይሄ ሻምበል የሚሉት ሰውዬ ጦርነቱን አሳምሮ ያውቃል። ሴት ግን አያውቅም።»

«እንዴት?»

«ሶስና አትቆጣማ! ሁለት ዓመት ጠፍቶባት አንዴ ሲያፏጭላት ይቅር አለችው። አንቺ ብትሆኚ ሬዲዮውን ነበር የምትሰብሪው።»

ሽሮዬ ላይ አቀረቀርኩ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ሰውዬው ግን እውነቱን ነው፤ ሶስናን ማስቆጣት አለብኝ።

ከዚያ «እማማ ሸዋነሽ ስልክ ላይም ጫንኩላቸው» አለ፤ «ብቻቸውን ይቆዝማሉ፤ ዓይናቸው አያነብ፣ ሕሩይን ይስሙ ብዬ።»

የጠቀለልኩትን እንጀራ መልሼ ሳህኑ ላይ አኖርኩት።

ማርች 8፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሊሳሳሙ ነበር። ገና በጥር ነው የጻፍኩት፤ ደግሞ አምሮልኛል። ሳምንት ሙሉ ግን ግሩፑ በአንድ ነገር ታመሰ።

ዲያቆን ጥሩሰው፦ «ሻምበል፣ ጾም ነው። እባክዎ መሳሳሙ ከፋሲካ በኋላ ይሁንልን። እኔም ማንበብ እፈልጋለሁ፤ በሁዳዴ ግን አልችልም።»

ሄርሜላ፦ «የጾመ ይዝለለዋ! እኛ ምን አጠፋን?»

ከዱሉዝ የምትጽፍ አንዲት እህት፦ «እኛም ረመዳን ላይ ነን፤ በዲያቆኑ ሐሳብ እስማማለሁ። ይቆይልን።»

ጡረተኛው፦ «በውጊያ ቀጠና መሳሳም በሠራዊቱ ደንብ የተከለከለ ነው።»

አቸነፉኝ። መሳሳሙን ለፋሲካ አሳደርኩት። ግን ምዕራፉ ጎዶሎ ሆነብኝ፤ በምን ልዝጋው? ከሥራ መልስ ፓርኪንግ ላይ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ጻፍኩት። ምሽጉ ይከበባል። ሶስና ሬዲዮውን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ትጠብቃለች። ሁለት ፉጨት ይሰማታል። ከዚያ ዝም።

አምስት መቶ አሥር ልብ። ከእስከ ዛሬው ሁሉ ይበልጣል።

ማርች 11፣ ማክሰኞ

ትዕግስት ሥራ ቦታዬ መጣች። ዱሉዝ ዌርሐውስ አድራ በዚያው ነው የመጣችው፤ ባጁ አንገቷ ላይ ነው። እኔ የአንዲት ልጅ የፕሮም፣ የትምህርት ቤት ጭፈራዋን፣ ቀሚስ ጫፍ እያጠፍኩ ተንበርክኬ፣ አፌ ላይ ስፒል ነክሻለሁ።

«አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

ስፒል የነከሰ ሰው አይመልስም።

«ተናኘ፣ በእግዚአብሔር። ሁለት ፉጨት፣ ከዚያ ዝም። የአክሊሉ መጨረሻ እንዲህ እንደነበር ጓደኛው ለእኔ ነው የነገረኝ። እኔ ደግሞ ላንቺ ብቻ ነው የነገርኩሽ። ከንስሐ አባታችንም ደብቄዋለሁ።»

ስፒሎቹን አንድ በአንድ አውጥቼ የስፒል መሰኪያው ትራስ ላይ ሰካኋቸው። «ልብ ወለድ እኮ ነው» አልኩ። እንዲህ የምል ሰው መሆኔን አላውቅም ነበር።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «እማዬ በየቀኑ ሕሩይን ትሰማለች» አለች። «እያፏጨች ነው የምትውለው። ስሚኝ፣ ከአሁን በኋላ ብታቆሚ ለምን ቆመ ትላለች። ጻፊ። ግን እንዳትገድዪው። ከመርዶው በፊት እማዬ የልጇን ሞት ከሕሩይ አፍ እንዳትሰማ።»

«አልገድለውም» አልኩ።

«ማይልኝ።»

ማልኩላት። ከሄደች በኋላ የልጅቷን ቀሚስ አንዱን ጎን ሁለት ጣት ያህል አሳጥሬው ተገኘሁ። ፈትቼ እንደ አዲስ።

እሺ፣ ልጻፈው፤ ደብተሩ የራሴ ነው። ፉጨቱ እንዲያው አልመጣልኝም። ባለፈው ዓመት ለእማማ ጋቢያቸውን ስጠቅምላቸው አጫውተውኝ ነው፤ አክሊሉ ልጅ ሆኖ በር አያንኳኳም፣ ሁለቴ ያፏጫል። የመጀመሪያውን ፉጨት ከእናቱ፣ የመጨረሻውን ከእህቱ ወሰድኩ። ሳልጠይቅ።

ማርች 16፣ እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ እማማን በመኪናዬ መለስኳቸው። ፓርኪንጉ ላይ ያለ መኪና ሁሉ በጥድ ብናኝ ቢጫ ሆኗል። ትዕግስት ሥራ ናት።

«ግቢ፣ የምትጽፊልኝ ነገር አለ» አሉኝ በራቸው ላይ። ስልካቸውን ሰጡኝ። «ይሄ ሕሩይ የሚያነበው ላይ ሰው አስተያየት ይሰጣል አሉ። የእኔንም ጻፊ።»

«ምን ልበልልዎት?»

«ሻምበል ብለሽ ጀምሪ። ጤና ይስጥልኝ፣ በይ። ያ የሚያፏጨው ልጅ ልጄ ነው። አክሊሉ ይባላል። እኔ በር የምከፍተው ለእሱ ፉጨት ነው። ካዩት፣ ወይ ከሰሙት፣ ያለበትን ይንገሩኝ።» ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ክፉም ቢሆን ይንገሩኝ፣ በይ።»

አውራ ጣቴ መስታወቱ ላይ ቆመ። ከዚያ ጻፍኩ፦ «ሻምበል፣ በጣም ግሩም ልብ ወለድ ነው። ይበርቱ። ሸዋነሽ ከዶራቪል።»

«አንብቢልኝ።»

አነበብኩላቸው። እሳቸው ያሉትን፣ እኔ ያልጻፍኩትን፣ ቃል ሳላጓድል። «ክፉም ቢሆን» የሚለው ላይ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ከሕሩይ አላንስም።

«ላኪው» አሉ። ላኩት። ቦርሳዬ ውስጥ የእኔ ስልክ ጮኸ።

«ስልክሽ ነው።»

«ይቆይ እማማ፣ ማስታወቂያ ነው።»

ለእሳቸው ብዬ ነው። ለዓይናቸው ብዬ ነው። ትዕግስት ብትሆን የተለየ ምን ታደርግ ነበር?

ማርች 25፣ ማክሰኞ

ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ብርሃን በሚያሳልፍ የፕላስቲክ ክዳን ዓይናቸውን ሸፍነው ሲወጡ «ትዕግስትዬ አርጅተሻል» አሉ። ሳቅን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ረጅም ጊዜ አዩኝ።

ማርች 29፣ ቅዳሜ

ምዕራፍ አሥራ አምስት። ምሽጉ ወድቋል፤ የናሆም ሬሳ አልተገኘም። ሶስና ትጠብቃለች።

ግሩፑ አበደ። መቼም ፋሲካ ሲቀርብ ሰው ሆዱ ይባባል።

«ሻምበል፣ ይህን ልጅ ቢገድሉት ከግሩፑ እወጣለሁ።»

«ሻምበል፣ እኔ የእውነቱን ጦርነት አይቻለሁ። እባክዎ በልብ ወለድ እንኳ አንድ ሰው ይትረፍልን።»

ጡረተኛው፦ «ምልክቱ ሞቷል ነው። የተከበበ ጣቢያ ሬዲዮ ከተቋረጠ ተስፋ አይደረግም። ደራሲው አንባቢ ይወደኝ ብሎ እውነቱን እንዳይሸጥ።»

ይሄን ሰውዬ ብሎክ ላደርገው አሰብኩ። አላደረግኩትም። ስምንት ጊዜ አነበብኩት።

ኤፕሪል 3

ትዕግስት በቴክስት፦ «ቃልሽን።»

አውቃለሁ። አውቃለሁ!

ኤፕሪል 5፣ ቅዳሜ

ምዕራፍ አሥራ ስድስት። ሶስና ሬዲዮውን ልትዘጋ እጇን ስትዘረጋ፣ ሁለት ፉጨት። እንደገና። ናሆም በሕይወት አለ።

ዘጠኝ መቶ ስድሳ ልብ። ሄርሜላ እያለቀሰች ድምፅ ላከች። ሕሩይ ቴነሲ ትራኩን አቁሞ ሲያነብ ድምፁ ተቆረጠ፤ ንፍጡን ሲጠርግ ይሰማል። ፊልጶስ ኩሽና ድረስ መጥቶ «ተረፈ!» ብሎ አቀፈኝ፤ ወንድሙ የተረፈ ነው የሚመስለው። እኔም ደስ አለኝ። ምን ልዋሽ፣ በጣም ደስ አለኝ። መሐላዬንም ጠበቅኩ፤ አንባቢዬንም አስደሰትኩ፤ ማንም አልተጎዳም።

ጡረተኛው ብቻ፦ «አዝናለሁ።»

ኤፕሪል 8፣ ማክሰኞ

እማማ ሸዋነሽ ሥራ ቦታዬ በባስ መጡ። በባስ! ብቻቸውን! አሁን ቁጥሩን ያነባሉ።

በፌስታል አዲስ የወንድ ሱሪ ይዘዋል። ጥቁር፣ የዋጋ ምልክቱ እንኳ ያልተነሣ።

«አሳጥሪልኝ። ቁመቱ የፊልጶስ ነው፤ ሁለት ጣት ይቀንሳል።»

«የማን ነው እማማ?»

«የአክሊሉ ነዋ!» አሉ። ፊታቸው በርቷል፤ እንዲህ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። «ለፋሲካ ባይደርስ ለዳግማይ ትንሣኤ ይደርሳል። ሲመጣ የሚቀይረው ልብስ አይኖረውም።»

ኮሪያዊቷ አሠሪዬ ምን ነካሽ ብላ ቀና አለች። ምንም አልኳት። የስፌት ጠመኔውን አንሥቼ ምልክት አደረግኩ። አጠፍኩ። ሰፋሁ። ካውያ አደረግኩት። እማማ ቆመው ያዩኛል፤ አንዴ መርፌዬን፣ አንዴ ፊቴን።

«በደንብ ስፊው» አሉ። «አደራ።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። እዚያው፣ ሱሪው እጄ ላይ እያለ። እንዴት አልተናገርኩም? ምን ዓይነት ሰው ነኝ? የሞተ ሰው ሱሪ ቁመት አስተካክዬ፣ አጣጥፌ፣ በፌስታል አድርጌ፣ ባስ ድረስ ሸኘሁ።

ለትዕግስት ደወልኩ። «ዛሬውኑ እንንገራቸው» አልኩ። «ዓይኗ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው» አለች። «ደግሞ አጎቴ ትኬት ቆርጧል። አንቺ ነሽ ያስነሣሽው፤ አንቺ ታገሺ።» ልክ ናት። አይደለችም። እንጃ።

ኤፕሪል 11፣ ዓርብ

ሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። ስልኮቻችን አንድ ላይ ጮኹ፤ ወዲያው የከተማው ሳይረን። ቶርኔዶ፣ አውሎ ነፋስ። እኛ ሦስተኛ ፎቅ ነን፤ እንዲህ ሲሆን የምንወርደው እማማ ጋ ነው። የእሳቸው መታጠቢያ ቤት መስኮት የለውም። ባለፈው ዓመትም እዚያ ነው ያሳለፍነው፤ ገንዳው ውስጥ ቁጭ ብለን ቆሎ እየበላን።

ፊልጶስ ፍራሽ ተሸከመ። እኔ በጨለማ እጄ የገባውን ነጠላ ደርቤ ሮጥኩ። ታች ስንደርስ ትዕግስት በዝናብ በስብሳ ከመኪናዋ ወረደች፤ ዌርሐውሱ ሠራተኛውን በትኖ ነው። ቁልፍ አላት፤ ግን እማማ ሌሊት ሰንሰለት ያስገባሉ። አንኳኳን። ፊልጶስ ፍራሹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ትንፋሹን ለመሰብሰብ አቀረቀረ።

እማማ ከፈቱ።

ዓይናቸው አሁን ያያል። መጀመሪያ ፊልጶስን አዩ፤ አንገቱን እንዳቀረቀረ። ከዚያ ትዕግስትን፤ ፊቷ በሙሉ ውኃ ነው። ከዚያ እኔን። ጎህ ሳይቀድ፣ ሦስት ሰው፣ ተሰብስበን በር ላይ።

«እማማ፣ ቶርኔዶ...» አለ ፊልጶስ።

አልሰሙትም። እጃቸውን ዘርግተው ነጠላዬን ያዙ።

«ነጠላሽን ማን ዘቀዘቀው?»

ወደ ታች አየሁ። ጥለቱ አንገቴ ላይ ነው። በጨለማ ነው የደረብኩት፤ እንዴት እንደደረብኩት አላውቅም። አስቤ አይደለም። ተሳስቼ ነው እንጂ እኔ ምኑን አውቄ! ለሐዘን ዘቅዝቄ መጥቻለሁ።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «የለም፣ ለነፋሱ ነው የመጣነው» ማለት። ፊልጶስ አየኝ፣ እኔ ትዕግስትን አየሁ። እማማ ሦስታችንንም በየተራ አዩን፤ የአንዳችንም አፍ አልተከፈተም።

«አክሊሉዬ?» አሉ።

ትዕግስት እግራቸው ላይ ወደቀች። «እማዬ» አለች።

መታጠቢያ ቤት ውስጥ አስገባናቸው፤ ምን ይደረግ፣ ሳይረኑ አላቆመም። ፊልጶስ ፍራሹን ከላይ ይዟል። አጎትየው የሉ፣ ካህን የለ፣ ጎረቤት የለ፤ አራት ሰው አንድ ገንዳ ውስጥ። እማማ ደረታቸውን እየመቱ «ልጄ ተነሥቶ አልነበር? አፏጭቶ አልነበር?» ይላሉ። «ቅዳሜ ነው እኮ ያፏጨው!» ትዕግስት በእኔ ላይ ጮኸች፤ በመጨረሻ ጮኸች፦ «የአንቺ መጽሐፍ ነው! የአንቺ ፉጨት!» ፊልጶስ ከፍራሹ ሥር አየኝ። ያን ጊዜ አወቀ። እማማ ግን በለቅሷቸው መሐል የሰሙት አልመሰለኝም።

ነፋሱ በእኛ በኩል አላለፈም። አንድ ጥድ ብቻ አንድ መኪና ላይ ወድቆ አደረ።

ኤፕሪል 13፣ ሆሳዕና

በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለሌለ ዛሬ ለሁሉም በአንድነት ተደረገ። እማማን እኔና ትዕግስት በሁለት ወገን ደግፈን ቆምን። ትዕግስት አላናገረችኝም።

ኤፕሪል 16፣ ረቡዕ

ለቅሶው ቀጥሏል። ወንበር ከቤተ ክርስቲያን መጣ። የትዕግስት አጎት ትኬታቸውን ቀይረው ደረሱ። እማማ አንሥተው የሚያለቅሱበት የልጃቸው ልብስ እዚህ አገር የላቸውም። ያሳጠርኩትን ሱሪ ይዘው ነው የሚያለቅሱት። «ያልለበሰው ልብስ፣ ያልለበሰው» ይላሉ። ሰው ሁሉ ሱሪውን ያያል። እኔ ስፌቱን አያለሁ።

ትናንት ለዓይናቸው ቀጠሮ ነበራቸው። ሐኪሙን ትዕግስት ጠየቀችው። ማልቀስ ዓይናቸውን አይጎዳም አለ። ማልቀስ ቀድሞም አይከለከልም ነበር። ከጥር ጀምሮ ማንም አልጠየቀም።

ግሩፑ ላይ «ሻምበል፣ የቅዳሜው ምዕራፍ የት ገባ? መሳሳሙስ?» ይላሉ። ከፈትኩ፣ ዘጋሁ።

ፊልጶስ አልጋ ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆየና «ሴት አያውቅም ያልኩትን አንሺልኝ» አለ። ከዚያ ደግሞ «እናት ግን አታውቂም» አለኝ። በክፋት አይደለም። ዝም ብሎ ነው ያለው።

ኤፕሪል 26፣ ቅዳሜ

እማማ አስጠሩኝ። ቤቱ ረጭ ብሏል፤ አጎትየው ተመልሰዋል፣ ትዕግስት ሥራ ገብታለች። ጥቁራቸውን ለብሰው፣ መነጽር አድርገው፣ ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ነው ያገኘኋቸው።

ስልኩን አዞሩልኝ። «በጣም ግሩም ልብ ወለድ ነው። ይበርቱ። ሸዋነሽ ከዶራቪል።»

«ይህን ነበር ያልኩሽ?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። «አንድ ነገር ልናገር። ሻምበሉ...»

«አንቺ ነሽ።» ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም አላደረጉም። «ፉጨቱን ከአንቺ በቀር ለማንም ነግሬ አላውቅም። ሕሩይን የሰማሁ ቀን አወቅኩሽ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«እናንተ ለምን ዝም አላችሁኝ?» አሉ። «ሁላችሁም ሳቅ በሳቅ ሆናችሁ። በጥር እኮ ነው የጀመራችሁት፤ ሰው በአንድ ጊዜ እንደዚህ ደግ አይሆንም። ልጄ መሞቱን ያን ጊዜ ጠርጥሬያለሁ። አንቺ ግን በመጽሐፍ እየነገርሽኝ መሰለኝ። ቀስ በቀስ። በየቅዳሜው 'ዛሬ ትነግረኛለች' ብዬ ወገቤን ታጥቄ እቀመጣለሁ። አስከበብሽው፤ እሺ አልኩ። ዝም አሰኘሽው፤ እሺ አልኩ፤ አለቀስኩ። ብቻዬን ነው ያለቀስኩት። ከዚያ አስነሣሽው።» መነጽራቸውን አወለቁ። «አመንኩሽ ተናኘ። ሱሪ ገዛሁ።»



ስልኩን እጄ ላይ አኖሩት። «አሁን ጻፊ። ሻምበል ብለሽ ጀምሪ።»

«እማማ፣ እዚሁ ነኝ እኮ፤ ይንገሩኝ።»

«ጻፊ ስልሽ ጻፊ።»

እንዲህ ነው ያሉት፣ እንዲህ ነው የጻፍኩት፦

«ይድረስ ለሻምበል ኤልቃና። ልብ ወለድዎን እስከ መጨረሻው ሰምቻለሁ። ጥሩ ይጽፋሉ። መጨረሻው ግን ውሸት ነው። ልጁ አልተመለሰም። እንደገና ይጻፉት። እኔ ሬሳ ስላላገኘሁ አላስቀበርኩትም፤ እርስዎ ይቅበሩልኝ። አንባቢዎ ብዙ ነው፤ ይልቀስለት። ሸዋነሽ፣ የመቶ አለቃ አክሊሉ እናት።»

«ላንብብልዎት?»

«ስጪኝ።» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ጣታቸውን ከቃል ቃል እያስኬዱ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡት። ረጅም ጊዜ ፈጀ። «'ውሸት' የሚለው የት አለ?»

አሳየኋቸው።

«ላኪው።»

ላኩት። ቦርሳዬ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ሁለታችንም ሰማነው። እጄን አልዘረጋሁም።

«ክፈቺው እንጂ» አሉኝ እማማ። «አንባቢ ነው።»